ዋግ ከበልግ ወደ መኸር ሲሻገር

በባሌ ደጋ ስንዴ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመረታል። በመጋቢትና በሚያዝያ የተዘራው የበልግ ስንዴ ተሰብስቦ ሳያልቅ የመኸሩ ዘር ስለሚከተል፣ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ ፈንገስ የሚያርፍበት አረንጓዴ ቅጠል የሚያጣበት ጊዜ እምብዛም የለም፤ በበልግ ችላ የተባለው በሽታ በነፋስ ተጭኖ የመኸሩ ቡቃያ ላይ ይደርሳል። ከአጨዳ በኋላ ከረገፈ ፍሬ በራሱ የሚበቅለው ስንዴም መሸጋገሪያ ስለሚሆነው ቀደም ብሎ መታረስ አለበት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በበልግ የአጎቴ ማሳ መካከል የምጣድ ያህል ክብ ቦታ ቢጫ ሆኖ ታየ። አጎቴ ማዳበሪያ አንሶት ነው ብለው ዩሪያ ጨመሩበት፤ እኔም ከከተማ የሄድኩ እንግዳ ስለነበርኩ ዝም አልኩ። ዩሪያው ስንዴውን ይበልጥ አለመለመው፣ የተጠቀጠቀው ቅጠልም ጤዛውን እስከ ረፋድ ይዞ አቆየ፤ ለቢጫ ዋግ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ምቾት የለም። ከሳምንታት በኋላ በማሳው ውስጥ ያለፈ ሰው ሱሪ እስከ ጉልበቱ እርድ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። መድኃኒት የተረጨው ያን ጊዜ ነው፤ የደረቀ ቅጠል ግን ቢረጭም አይመለስም።

ሁለቱን መለየት ያን ያህል አይከብድም። የናይትሮጅን እጥረት የታችኛውን ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ወጥ አድርጎ ያገረጣዋል። ቢጫ ዋግ ግን የቅጠሉን ጅማት ተከትሎ በስፌት መኪና የተሰፋ የሚመስል የነቁጥ መስመር ይሠራል፣ በነጭ ሶፍት ሲጠረግም ብርቱካንማ ዱቄት ይተዋል። በሽታው ቅጠሉ ውስጥ ከገባ በኋላ እስኪታይ ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚወስድ፣ ዛሬ አንድ ክብ ቦታ ያየ ገበሬ ዙሪያው ገና ያልታየ በሽታ እንዳለ ማሰብ ይኖርበታል።

ዋግን የሚቋቋም ዘር የመጀመሪያው መከላከያ ቢሆንም ለዘለቄታው መተማመኛ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ ክፉኛ ሲጎዳ ብዙ ገበሬ ዲገሉ ወደተባለው ሌላ ዝርያ ዞረ፤ በ2013 ግን ዲገሉን ራሱን የግንድ ዋግ መታው፣ ያውም ዩጂ99 ተብሎ ሁሉም ሲፈራው ከነበረው የግንድ ዋግ የተለየ ዓይነት። የግንድ ዋግ ከቢጫው ይልቅ ሞቅ ያለ አየር ስለሚወድ ዘግይቶ ይመጣል፤ አገዳውን ሰንጥቆ የሸክላ ቀለም ያለው ቁስል ያወጣል። ስለዚህ አንድን ዝርያ ብቻ በቀበሌው ሁሉ መዝራት፣ በእኔ እምነት፣ ከመድኃኒት እጦት ይልቅ ያሰጋል።

ርጭትን በተመለከተ ዋናው ጉዳይ ጊዜው ነው። ፍሬውን በአብዛኛው የሚሞሉት የላይኛዎቹ ቅጠሎች በመሆናቸው፣ በተለይም ከዛላው በታች ያለው የመጨረሻው ቅጠል ሳይጎዳ መድረስ ያስፈልጋል። ፕሮፒኮናዞል የያዘው ቲልት የተባለው ፀረ ፈንገስ መድኃኒት በሄክታር ግማሽ ሊትር ይበቃዋል፤ ከዚያ አሳንሶ ማቅጠን ገንዘብ የቆጠበ ይመስላል እንጂ ፈንገሱን አያቆመውም። ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ነፋስ ሳይነሳና ዝናብ ሳያስገመግም መርጨት ይሻላል።

አጎቴ ዘንድሮ በኮታቸው ኪስ ሶፍት ይዘው በየሦስት ቀኑ ማሳቸውን ይዞራሉ። ባለፈው እሑድ ስደውልላቸው፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «እስካሁን ነጭ ነው» አሉኝ።