በ2602 የሞቱት ሴትዮ

ቲም ቢልዲንግ የሚባለውን ነገር ማን እንደፈጠረው አላውቅም። የእኛ ቢሮ ግን እንደ ዓመት በዓል ያከብረዋል። ካቻምና ምግብ ማብሰል ነበር፣ አምና ቦውሊንግ። ዘንድሮ የሰው ሃብቷ ልጅ ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ፣ «እሁድ እሁድ መቃብር ታስጎበኛለህ አሉ። ለምን እኛንም አትወስደንም?» አለችኝ። በነጻ ስለሆነ እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል።

ሲንጋፖር የመጣሁት ለኮንቴነር ሥራ ነው። ቡኪት ብራውን የሚባለውን የቻይናዎች መቃብር ያሳየኝ አንድ ጎረቤቴ ነው፤ እሱ ተወው፣ እኔ ቀረሁበት። ጫካ የዋጠው ኮረብታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ተከፈተ፣ በ1973 ተዘጋ፤ 100 ሺህ ያህል ሰው አርፎበታል። በ2011 መንግሥት በመሐሉ ባለ 8 መስመር መንገድ አወጣለሁ አለ። ከ3,700 በላይ መቃብሮች ተነሡ። ያን ጊዜ ነው በጎ ፈቃደኞች፣ ሰው ቢያንስ አይቶት ይፍረስ ብለው ማስጎብኘቱን ያጧጧፉት። መንገዱ አልቀረም፣ ዛሬ መኪናው ይበርበታል። እኛም በተረፈው በኩል እንዞራለን።

አለቃዬ ነጭ ጫማ አድርጎ መጣ። ጭቃ አለ ብዬ ኢሜይል ልኬ ነበር።

ለማያውቁት ስለ አለቃዬ ትንሽ ልንገራችሁ። ሰው ያመጣለትን ቁጥር አያምንም። አንድ ጊዜ ወደብ ላይ ለቆዩ ኮንቴነሮች ዲመሬጁ፣ ማለትም የመዘግየት ክፍያው፣ ስንት እንደሚመጣ አስልቼ ላኩለት። «ከየት አመጣኸው?» አለኝ። ከውሉ፣ ከቀኑ፣ ከታሪፉ ብዬ አንድ በአንድ አስረዳሁ። ራሱን ነቀነቀ። በኋላ የመርከብ ድርጅቱ ሂሳቡን ሲልክ እኔ ካሰላሁት ጋር አንድ ሳንቲም አልተለያየም። «ጎበዞች ናቸው፣ ጥሩ አስልተዋል» አለ።

ጉብኝቱ መጀመሪያ ላይ ደህና ሄደ። ሰው ሁሉ የሚወደው የሲክ ዘበኞቹን ነው። በዚያ ዘመን ሀብታም ቻይናዎች ደጃቸው ላይ ጥምጥም ያሰሩ የሕንድ ዘበኞች ያቆሙ ነበር። አንዳንዶቹ ሲሞቱም አልተለዩአቸውም፤ በድንጋይ አስቀርጸው ከመቃብራቸው ግራና ቀኝ አቁመዋቸዋል። አለቃዬ ከአንዱ ጋር ሰልፊ ተነሣ። ከዚያ ትልቁን መቃብር፣ የኦንግ ሳም ሊዮንግን አሳየኋቸው። ክሪስማስ ደሴት ላይ ለነበረው የፎስፌት ማዕድን ሠራተኛ እያቀረበ የበለጸገ ነጋዴ ነበር። መቃብሩ 600 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። አለቃዬ ግራ ቀኙን አየና፣ «ይሄ ቢከራይ ስንት ያወጣል?» አለ። ሁሉም ሳቀ። አለቃ ሲቀልድ የማይስቅ ማን አለ?

የእኔ ቦታ ግን ሌላ ነው። ከዳገቱ ወረድ ብሎ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው የአንዲት ሴትዮ ትንሽ መቃብር አለ። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ድንጋዩ ላይ ውሃ ረጨሁ፤ ጽሑፉ ብቅ አለ። እኔ ቻይንኛ አላነብም፤ ቁጥሮቹን ብቻ ለይቻለሁ። ከሂሳብ ክፍል የመጣችው ልጅ ጎንበስ ብላ አነበበች፦ «ሁለት፣ ስድስት፣ ዜሮ፣ ሁለት።»

«2602?» አለ አለቃዬ። «ታዲያ ሴትዮዋ ገና አልተወለዱማ!»

ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ከዚያ የተለመደውን ነገርኳቸው። ጃፓኖች በየካቲት 1942 ሲንጋፖርን ያዙ፣ ስሟን ሾናን ብለው ቀየሩ፣ ዓመቱንም ቀየሩት። አንዱ አቆጣጠራቸው ከመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥታቸው ስለሚነሣ ከፈረንጁ በ660 ዓመት ይቀድማል። ከ2602 ላይ 660 ሲቀነስ 1942 ነው። ሴትዮዋ በወረራው ዘመን ሞቱ፣ የወራሪው ዓመት ተጻፈባቸው።

«ጠራቢው ተሳስቶ ነው» አለ አለቃዬ።

«ሌላም አለ። እዚያ ማዶ ያለው 2603 ይላል።»

«ሁለቱንም የጠረበው አንድ ሰው ይሆናላ።»

«እዚህ ጎን ያለው ደግሞ 20 ይላል» አልኩ። «ይሄኛው ከቻይና ሪፐብሊክ ነው የሚቆጥረው። 1911 ይደምሩበት፣ 1931 ይመጣል።»

«ከየት አመጣኸው?»

ያ ዲመሬጅ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። አስቡት፣ እኔ ከ8 ዓመት፣ ከመስከረም በኋላ ደግሞ ከ7 ዓመት ጋር ስደምርና ስቀንስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ፓስፖርት፣ ዲፕሎማ፣ የልደት ካርድ፣ ሁሉም በሁለት ቀን። «እናንተ አገር ከሆነማ ገና ወጣት ነኝ» የምትባለዋን ቀልድ ውጭ የኖረ ሐበሻ ሁሉ ያውቃታል፤ ለስንት ሰው ፈገግ ብያለሁ! ዓመት መቀነስ ላይ ከየት አመጣኸው እባላለሁ?

እልህ ያዘኝና ጣሊያንን አመጣሁባቸው። አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ፣ ከሙዚየሙ ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ አልኳቸው። የሠራው በወረራው ጊዜ ጣሊያን ነው። እያንዳንዱ እርከን አንድ የሙሶሎኒ ዓመት ነው፣ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 ጀምሮ። ይሄ መቃብር በተከፈተበት ዓመት ማለት ነው። እነሱ ከወጡ በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ወራሪ ዓመት መቀየር ይወዳል፣ እኛም ቤት ደርሷል፣ ጃፓን ብቻ አይደለም ማለቴ ነበር። የሂሳብ ክፍሏ ልጅ አፏን ከፍታ ሰማችኝ።

«ሊፍት የለውም?» አለ አለቃዬ።

ሳቁ።

ወደ ቤት ስመለስ ከእንግዲህ የቢሮ ሰው የሚባል አላስጎበኝም ብዬ ቆረጥኩ። ሐሙስ ዕለት የሽያጭ ክፍሎቹ «እኛስ?» ሲሉኝ እሺ አልኩ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከሮተርዳም ደንበኛ መጣ። አለቃዬ ቡና እያስቀዳለት፣ እኔ እዚያው አጠገቡ ተቀምጬ፣ «አንተ፣ እኔ እዚህ አገር በ2602 የሞተች ሴት መቃብር አግኝቻለሁ» አለው። አግኝቻለሁ ነው ያለው። ሰውየው ዓይኑን አፈጠጠ። አለቃዬ ሾናንን ነገረው፣ ንጉሠ ነገሥቱን ነገረው። ስለ ወራሪና ስለ ዓመት እኔ ያልኩትንም ጨመረበት፤ ከእኔ ይልቅ አሳምሮ እንደተናገረው ልመሰክርለት እችላለሁ። ስድስት ኪሎ ብቻ ቀረች።

«ታዲያ ትክክለኛው ዓመት ስንት ነው?» አለ ደንበኛው።

«ቀላል ነው፣ 660 ትደምርበታለህ።»

ሰውየው ስልኩን አውጥቶ ደመረ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «3262 ይላል» አለ።

አለቃዬ ቡናውን አስቀመጠ። «ከየት አመጣኸው?» አለው።