ጋዎኔን ያስወለቀኝ የኦንላይን ኮርስ

እውነቱን ልናገርና ሲቲ ፕሮግራም የሚባለውን የሪሰርች ኤቲክስ ኮርስ የጀመርኩት ልማር ብዬ አልነበረም፣ ሰርተፊኬቱን ፈልጌ ነው። ማስተርሴን በፐብሊክ ሄልዝ እየተማርኩ ነው፣ ስራዬ ደግሞ ነርስ ነኝ፣ የስኳር ክትትል ክሊኒክ ውስጥ። ርእሴ አድቫይዘሬ ከአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ጋር በያዘው ፕሮጀክት ስር ስለሆነ የነሱ አይአርቢ፣ ማለት የጥናት ስነምግባር የሚገመግመው ቦርድ፣ ዳታ የሚነካ ሰው ሁሉ ሰርተፊኬት ያምጣ አለ። ፕሮፖዛሉ አልቋል፣ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው፣ በቃ አንድ ማታ ጠቅ ጠቅ አድርጌ እገላገለዋለሁ ብዬ ገባሁ።

አንድ ማታ ያልኩት ሁለት ሳምንት ፈጀ። መጀመሪያ ምዝገባው ላይ ተቋምህን ምረጥ ሲለኝ የራሴን አጣሁትና በግል ልማር ብዬ ቀጠልኩ፣ መጨረሻ ላይ በዶላር ክፈል አለኝ። እንዴ፣ የዶላር ካርድ ከየት ላምጣ? ውጪ ያለች የአክስቴን ልጅ ሳስቸግር ከርሜ የፕሮጀክቱን አስተባባሪ ስጠይቃት ለካ የነሱን ዩኒቨርሲቲ ስም ብመርጥ ኖሮ ክፍያው በነሱ ነው። ከዛ ደግሞ የኮርስ ምርጫው፣ ባዮሜዲካል አለ፣ ሶሻል ኤንድ ቢሄቪየራል አለ፣ ለክሊኒካል ትራያል የሚሆን ጂሲፒ አለ፣ እኔ ሳላነብ ጂሲፒ ውስጥ ገብቼ ሶስት ሞጁል ከጨረስኩ በኋላ ነው የነቃሁት። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የትኛው ኮርስ እንደሚፈለግ አይአርቢውን በጽሁፍ ጠይቁ፣ ስማችሁንም ፕሮፖዛሉ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ሙሉ፣ እኔ የአያቴን ስም ትቼ ሰርተፊኬቱ የሌላ ሰው መስሎ ተመልሶብኛል።

ኩዊዙ ያን ያህል አይከብድም። እኛ የተጠየቅነው በአማካይ 80 ፐርሰንት ነው፣ ከወደቃችሁም ደግማችሁ መፈተን ይቻላል፣ ጽሁፉን ዘለው ኩዊዙን ብቻ የሚሰሩም ሞልተዋል፣ እኔም ግማሹን እንደዛ ነው የሰራሁት። በሰው ላይ ለሚደረግ ጥናት የስነምግባር መርህ ያስቀመጠው የአሜሪካ የቤልሞንት ሪፖርት 1979፣ ሶስት መርህ፣ ለሰው ክብር መስጠት፣ ጥቅሙን ማስቀደምና ፍትህ፣ ሸምድዶ ማለፍ ነው።

ያቆመኝ የተስኪጊው ታሪክ ነው። አላባማ ውስጥ ከ1932 እስከ 1972 የአሜሪካ መንግስት የጤና አገልግሎት 399 ቂጥኝ ያለባቸውንና 201 የሌለባቸውን ጥቁር ወንዶች ይዞ በሽታው ካልታከመ ምን እንደሚያደርግ ሲከታተል ኖረ። በሽተኞቹን መጥፎ ደም አለባችሁ ነበር የሚሏቸው። ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ መድሃኒቱ ሆኖ ሲመጣ እንኳን አልሰጧቸውም። ለአስከሬን ምርመራ ከተስማሙ የቀብር ወጪያቸው ይሸፈናል ተብለዋል፣ ይሄን ሳነብ እድር ትዝ አለኝ፣ ለድሃ ሰው ቀብሩን እችልልሃለሁ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኛ እናውቃለን። ከኮርሱ ወጥቼ በራሴ ሳነብ ደግሞ ዩኒስ ሪቨርስ የምትባል ጥቁር ነርስ አገኘሁ፣ ሰዎቹን በመኪናዋ ወደ ምርመራ የምታመላልሳቸው፣ የሚያምኗት እሷን ነበር። ጥናቱ ያን ሁሉ ዘመን የዘለቀው አንድም በእሷ ነው። ዶክተሮቹ ሲቀያየሩ እሷ ነበረች። ነርስ ስለሆንኩ መሰለኝ ከሁሉም እሷ ናት የከነከነችኝ።

አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ሳትኩ። የሚያክመው ባለሙያ ራሱ ታካሚውን ጥናቱ ላይ ተሳተፍ ሲለው ችግሩ ምንድነው የሚል አይነት ነው። እኔ ምንም ችግር የለውም፣ እንደውም ይተዋወቃሉ፣ ይግባባሉ ብዬ ነው የመለስኩት። መልሱ ተገቢ ያልሆነ ተጽእኖ ሲል ፈረንጅ ያበዛዋል ብዬ አለፍኩት።

ከዛ ፕሪቴስት ደረሰ፣ ከዋናው ጥናት በፊት መጠይቁን በጥቂት ሰው ላይ መሞከር ማለት ነው። ሳምፕላችን፣ ማለት የምንጠይቀው ሰው ብዛት፣ 384 ላይ 10 ፐርሰንት ተጨምሮ 423 ነው፣ የሱ አምስት ፐርሰንት 21 ሰው፣ ዋናው ጥናት ከሚሰራበት ውጪ ስለሚፈለግ እኔ በምሰራበት ክሊኒክ ሰራሁት። ጋዎኔን እንደለበስኩ፣ መድሃኒት ሊወስዱ ወረፋ የያዙትን አንድ በአንድ እየጠራሁ። 21ዱም እሺ አሉ። ደስ ብሎኝ ነበር። መጨረሻ ላይ የነበሩት እናት ግን ኮንሰንቱን፣ የስምምነት ቅጹን፣ ሳነብላቸው ባይሳተፉ ህክምናዎ ላይ ምንም ተጽእኖ የለውም የምትለው ጋ ስደርስ አቋረጡኝና "ዶክተር፣ እፈርማለሁ አልኩህ እኮ፣ ብቻ ኢንሱሊኔን እንዳታስቀርብኝ" አሉኝ። ዶክተር አይደለሁም፣ ወንድ ነርስ ሁሉ እኛ ጋ ዶክተር ነው። ግን ያቺን አረፍተ ነገር የሰሙት በተቃራኒው ነው፣ ስሙን ጠርቼ ስላነሳሁት ህክምናው አደጋ ላይ ያለ መሰላቸው። ቢያስረዷቸውም ያው ነው፣ ነገ ተመልሰው የሚመጡት እኔው ጋ ነው፣ ይሉኝታው አለ፣ ልጄ ብለው የሚጠሩትን ሰው እንዴት ብለው እምቢ ይበሉት? ቃለ መጠይቁን ትቼ ኢንሱሊናቸውን አስወስጄ ሸኘኋቸው።

ማታ ቤት ገብቼ ያንን ሞጁል እንደገና ከፈትኩት፣ በዚህኛው ጊዜ አነበብኩት።

ሶስት ነገር ቀየርን። ዳታ የሚሰበስቡት ጥናቱ በሚሰራበት ጤና ጣቢያ የማይሰሩ ልጆች ይሁኑ፣ ጋዎን አይልበሱ፣ ታካሚው የሚጠየቀውም መድሃኒቱን ተቀብሎ ከያዘ በኋላ ነው። ይሄ ቀላል ይመስላል እንጂ የጸደቀ ፕሮቶኮል በገዛ እጃችሁ አትቀይሩም፣ ለሁለቱም አይአርቢ፣ ለኛም ለነሱም፣ አሜንድመንት፣ የማሻሻያ ጥያቄ፣ ተጽፎ መጽደቅ አለበት፣ አንድ ወር ሙሉ ጠበቅን። አድቫይዘሬ ጊዜህን ታባክናለህ ብሎ ተቆጥቶ ነበር። እኔም ውስጤ ይሄን ቀድሜ ባነበው ኖሮ እያልኩ ነው የጠበቅኩት።

ዳታ ኮሌክሽኑ ሲጀመር በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰው እምቢ አለ። አንዱ ሽማግሌ መድሃኒታቸውን በፌስታል እንደያዙ "የኔ ልጅ፣ ዛሬ ደክሞኛል፣ ይቅርብኝ" ብለው ዱላቸውን ይዘው ሄዱ። ዳታ ኮሌክተሯ ሰው አመለጠኝ በሚል ፊት አየችኝ፣ እኔ ቅጹ ላይ አልተስማሙም የሚለውን ምልክት አድርጊበት አልኳት። አድቫይዘሬ ማታ ደውሎ ሪስፖንስ ሬቱ፣ ከተጠየቁት ውስጥ እሺ ያሉት ድርሻ፣ ለምን ወረደ አለኝ።