ዲኤክሷ ሚኒሞ ላይ ስትንቀጠቀጥ (ቫኪዩም ጌጅ ደሴ ላይ እንዴት ይነበባል)

ሰላም ጎበዝ፣ ዲኤክሷ (ቶዮታ መኪናዬ) ሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ የሚዞርበት) አልቆምላት አለ ብዬ ነበር አይደል፣ ይኸው የደረስኩበት። ነዳጅ ስትሰጣት ደህና ናት፣ ፒያሳ ተሰልፈህ ስትቆም ግን መሪው ሁሉ እጅህ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ድፍት ብላ ትጠፋለች። ካንዴላዎቹን (እሳት የሚሰጡትን) ፈትቼ ሳይ ሶስቱ ቡናማ ናቸው አንዷ ግን ነጣ ብላለች፣ ማለትም እዛች ሲሊንደር ውስጥ አየር በዝቶ ቤንዚን አንሷል።

ከዛ ቫኪዩም ጌጅ (ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረውን ቫኪዩም በሜርኩሪ ኢንች የሚለካ) ተውሼ ማኒፎልዱ (አየርና ቤንዚን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባበት ቱቦ) ላይ ሰካሁት፣ 7 ኢንች ላይ ድርቅ፣ ቀስቱ ንቅንቅ የለም። ጌጁን ያዋሰኝ ልጅ በቃ ሞተሩ አልቆለታል ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ይከፈት አለ፣ ምክንያቱም መጽሐፍ ላይ ጤነኛ ሞተር ከ17 እስከ 21 ነው የሚለው። ኧረ ወንድሜ እሱ ባህር ጠለል ላይ ነው! ከፍታ በጨመርክ ቁጥር በየ300 ሜትሩ ወደ 1 ኢንች ይቀንሳል፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ስለዚህ 8 ኢንች ገደማ ገና ሳትጀምር ከፍታው ወስዶብሃል፣ እዚህ ከ9 እስከ 13 ካነበብክ ሰላም ነው። የኔ 7 ዝቅ ይላል ግን ቴስታታ የሚያስከፍት አይደለም። ቀስቱ እየዘለለ ቢሆን ቫልቭ እጠረጥር ነበር፣ ረግቶ ዝቅ ሲል ግን ወይ የካንዴላው እሳት ዘግይቷል ወይ አየር ከሆነ ቦታ እየገባ ነው።

ሞተሩ እየሰራ የቫኪዩም ጎማዎቹን (ቱቦዎቹን) አንድ በአንድ በፒንሳ ቆነጠጥኩ (ፒንሳውን ጨርቅ ጠቅልሉበት ጎማው እንዳይቀደድ)። ቤንዚን እየረጩ የሚፈልጉ አሉ፣ የጋለ ሞተር ላይ እኔ አላደርገውም። የፍሬን ሰርቮውን (በቫኪዩም ፍሬኑን የሚያቀለውን) ጎማ ማኒፎልዱ ጋ ስቆነጥጥ ቀስቱ ቀጥ ብሎ 11 ገባ ሞተሩም መንቀጥቀጡን ተወ፣ ሰርቮው ጋ ስቆነጥጥ ግን ለውጥ የለም፣ ስለዚህ ሰርቮው ደህና ነው ቀዳዳው መሃል ላይ ነው ማለት ነው። ከላይ ምንም አይመስልም፣ እጥፉን ከስር ስትገለብጠው ተሰነጣጥቋል። ለካ ፍሬኑ ሰሞኑን የከበደኝ በሱ ነው፣ በዛ ፍሬን ሐረጎን (ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን ቁልቁለት) መውረድ አስቡት።

አዲስ ጎማ በፋሼታ (በብረት ማሰሪያ) አሰርኩ፣ ኮምቦልቻ ወርጄ ስለካው 13 አነበበ፣ ከ600 ሜትር በላይ ስለወረድኩ ልክ ነው። አሁን የቀረኝ ካርቡራቶሩ ነው፣ ደሴ ላይ ሳስተካክለው ታች ቤንዚን ያንሰዋል፣ ታች ሳስተካክለው ላይ ይበዛበታል። ሁለቱ ከተማ የምትመላለሱ የቱ ጋ ነው የምታስተካክሉት?