«የዘገየው ፈቃዱ ነው»

በኅዳር 2010 ዓ.ም. ፎገራ ወረዳ ውስጥ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ በነርስነት እሠራ ነበር። በፎገራ ሜዳ ኅዳር የሩዝ አጨዳና የወባ ወቅት አንድ ላይ የሚውሉበት ወር ነው፤ ክረምቱ ያቆረው ውኃ ትንኝ ያራባል፣ አባወራውም ከማሳው አይነሣም። አንድ ማለዳ አንዲት ወጣት እናት የሦስት ዓመት ልጇን አዝላ ከአማቷ ጋር ገባች። ልጁን ሌሊት አንዘፍዝፎታል፤ ስንጠራውም አይነቃም። በፈጣን መመርመሪያው ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛው የወባ ዓይነት ታየ። ስኳሩን ለክተን፣ ግሉኮስ ሰጥተንና የጽኑ ወባ መድኃኒት የሆነውን አርቴሱኔት በደም ሥር ጀምረን መዝገቡን ገለጥኩ።

«ትኩሳቱ ከጀመረው ስንት ቀኑ ነው?»

«ዛሬ ሦስተኛው ነው።»

«ታዲያ ለምን ዘገየሽ? ትኩሳት ሲጀምር በ24 ሰዓት ውስጥ አምጡ ብለን ስንት ጊዜ አስተማርን!»

ዓይኗን ከልጁ ሳትነቅል «እኔ አልዘገየሁም» አለችኝ። «ወባ መሆኑን በመጀመሪያው ሌሊት፣ ጉያዬ ውስጥ ሲግል አውቄዋለሁ። የዘገየው ፈቃዱ ነው።»

ባሏ ራቅ ካለ ማሳ ለአጨዳ ሄዶ እዚያው ያድር ነበር። መድኃኒቱ በነፃ ቢሆንም የባጃጁና ጤና ጣቢያ ሲታደር የሚበላው ስንቅ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የገንዘቡ ሣጥን ቁልፍ ደግሞ ከባሏ ጋር ነው። አማቷ ምች ነው ብለው ዳማ ከሴ አሹለት፤ ባሏ ሳይመጣም እንዳትወጣ ከለከሏት። በሦስተኛው ሌሊት ልጁን ሲያንዘፈዝፈው ግን አማቷ የባሏን መምጣት አልጠበቁም፤ ከመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሯትን ብር ፈትተው «ቢቆጣም በእኔ ላይ ይቆጣ፤ ተነሺ» አሏት። ሁለት ቀን ያስጠበቋትም፣ በመጨረሻ ያስነሷትም እኒሁ እናት ናቸው።

እኔ ግን መልሷን ከመስማቴ በፊት የመዘግየቱ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ ላይ «የእናት የግንዛቤ ማነስ» ብዬ ጽፌ ነበር። ልጁ ነቅቶ ወተት ከለመነ በኋላ ወደሚዋጠው የወባ ኪኒን፣ ወደ ኮአርተም፣ ስናዛውረው፣ ለሦስት ቀን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ ወይም ከወተት ጋር፣ ካስመለሰው ደግሞ ወዲያው ወደ እኛ እንድትመልሰው ነገርኳት። አንዲት ቃል ሳትስት ደገመችልኝ። ያን ጊዜ እንኳ ጽሑፉን አልሰረዝኩትም። ወሩ ሲያልቅ ሊደግፈን የመጣ አንድ ተቆጣጣሪ ያንኑ ሐረግ ከመዝገቡ አንብቦ በሪፖርቱ አሰፈረ፤ ለእናቶች የሚሰጠው ትምህርትም እንዲጨመር አዘዘ። ስለ አባወራዎች፣ ስለ ሣጥኑ ቁልፍ፣ ስለ አማቶች የተነሣ ነገር አልነበረም። እውነቱን የማውቀው እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ሕመሙን ከሁሉ ቀድማ የለየችው ሴት በእኔ እጅ ጽሕፈት አላዋቂ ተብላ ስትመዘገብ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ከዚያ ወዲህ «ለምን ዘገየሽ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሕመሙን ማን ቀድሞ እንዳወቀ፣ ማን ሂጂ እንዳለና ብሩ ከማን እጅ እንደወጣ እጠይቃለሁ። ከእንቁላልና ከጠላ ሽያጭ የራሷ የሆነ ጥቂት ብር ያላት ሴት ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ትደርሳለች፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንም አማቶችን በቡና ሰዓት ሰብስበው እንዲያስተምሩ ለመንኳቸው። የዚያ ልጅ አያት ከሁሉ ቀድመው መጡ፤ በጥር ወርም የሌላ ልጃቸውን ሕፃን ትኩሳቱ በጀመረበት ዕለት ራሳቸው ይዘው ደረሱ። ሥራችን ፍሬ ያፈራ መስሎኝ በጣም ደስ አለኝ።

በተከታዩ ዓመት ኅዳር ያች እናት ያንኑ ልጅ ይዛ ተመለሰች። ትኩሳቱ ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። በዚህኛው ጊዜ ለሕይወቱ የሚያሰጋ አልነበረም፤ ኮአርተሙን እየቆጠርኩ ማን ሂጂ እንዳላት ጠየቅኳት።

«እማማ ናቸው» አለች። «ትናንት ለቅሶ ሄደው ነበር፤ እስኪመለሱ ጠበቅኳቸው።»