የስካን ምስልን ከመከታተያ ካሜራ ጋር ሳጣጥም የተማርኩት

ሐኪሙ በእጁ የያዘው መሣሪያ ጫፍ በሕመምተኛው ሲቲ ስካን ላይ የት ነው? በምስል የሚመራ ቀዶ ሕክምና ሁሉ የሚቆመው በዚህ ጥያቄ መልስ ላይ ነው። ካሜራው መሣሪያውን ያያል፤ ዕጢውን ግን አያውቀውም። ስካኑ ዕጢውን ያሳያል፤ ሕመምተኛው የተኛበትን አልጋ ግን አያውቀውም። ሁለቱን የሚያስማማው ስሌት ማጣጣም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የዳርትማውዙ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ዴቪድ ሮበርትስና ባልደረቦቹ የቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕን በድምፅ ሞገድ እየተከታተሉ ከሲቲ ምስል ጋር ካገናኙ ወዲህ መሣሪያው ብዙ ተሻሽሏል። የማጣጣሙ ጥያቄ ግን ያው ነው።

እኔ የሠራሁት በቤተ ሙከራ፣ በፕላስቲክ የራስ ቅል ላይ ነው። ፖላሪስ የተባለው ካሜራ ከአንጸባራቂ ኳሶች የሚመለሰውን የኢንፍራሬድ ብርሃን እያየ የጠቋሚውን ዘንግ አቀማመጥ ይለካል። ፕላስ የተሰኘው ሶፍትዌር ልኬቱን ከካሜራው ተቀብሎ ኦፕን አይጂቲ ሊንክ በተባለው የመረጃ መላላኪያ በኩል የሕክምና ምስል ወደሚያሳየው ሶፍትዌር፣ ወደ ስሪዲ ስላይሰር፣ ይልካል። ከካሜራው በቀር ሦስቱም በነፃ የሚገኙ፣ ኮዳቸውም ለማንም ክፍት የሆነ ናቸው፤ ይህ ለተማሪ ትልቅ ጸጋ ነው።

መጀመሪያ የዘንጉ ጫፍ የት እንዳለ ለሶፍትዌሩ ማስተማር ያስፈልጋል፤ ካሜራው የሚያየው ኳሶቹን እንጂ ጫፉን አይደለምና። ጫፉን በትንሽ ጉድጓድ ውስጥ አጽንቼ ዘንጉን በሁሉም አቅጣጫ ሰፋ አድርጌ አዞርኩት። ወደ አንድ ወገን ብቻ ማወዛወዝ ጥሩ የሚመስል ግን የማይታመን ውጤት ይሰጣል። ከዚያ በቅሉ ላይ የተለጠፉትን ምልክቶች በስካኑ ላይ አንድ በአንድ መረጥኩ፤ በዚያው ቅደም ተከተል በዘንጉ ነካኋቸው። ምልክቶቹን ግራና ቀኙ በማይመሳሰል ሁኔታ መለጠፍ ይበጃል፤ የተመሳሰሉ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ቢዛባ እንኳ ስሌቱ በጸጥታ ሊያልፈው ይችላል። ስካኑም በስስ ቁራጭ የተነሳ ይሁን፤ ወፍራም ከሆነ የምልክቱን መሐል ማግኘት ያስቸግራል።

ስሌቱ ሲያልቅ ስላይሰር አንድ ቁጥር ያሳያል፤ የተነኩት ነጥቦች ከምስሉ ነጥቦች በአማካይ ምን ያህል እንደራቁ የሚለካ ነው። ሰው ሁሉ ይህን ቁጥር አይቶ ይረጋጋል። እኔ ግን አጥብቄ የምናገረው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩ ዕጢው ያለበትን ቦታ ስሕተት አይነግረንም። የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲው ማይክል ፊትዝፓትሪክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ቀመር ምክንያቱን ያሳያል። አራት ምልክቶች ይኑሩን፤ በእያንዳንዱም ላይ የ1 ሚሊ ሜትር የአነካክ ስሕተት ይኑር። ሶፍትዌሩ በአማካይ 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ያሳያል። በምልክቶቹ ማእከል ላይ ያለው እውነተኛ ስሕተት 0.5 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። አሁን አራቱን ግንባር ላይ፣ ከማእከላቸው 3 ሴንቲ ሜትር በሚርቅ አራት ማዕዘን እንለጥፋቸውና ከበስተኋላ 12 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ያለ ቦታ እንፈልግ። በዚያ ያለው ስሕተት ወደ 2.4 ሚሊ ሜትር ያድጋል። በስክሪኑ ላይ ያለው ግን ያው 0.7 ነው! ስሕተቱ የሚያድገው የግንባሩ ትንሽ መዛባት እንደ ረጅም በትር ጫፍ ርቀቱን ተከትሎ ስለሚሰፋ ነው። ስለዚህ ምልክቶቹን ዒላማውን ከብበው እንዲቆሙ አድርጌ አሰራጨኋቸው፤ ለማጣጣም ያልተጠቀምኩባቸውን ሌሎች ምልክቶች ደግሞ ለፈተና አስቀረሁ። የምተማመነው በእነዚህ ብቻ ነው።

ሌላው አደገኛ ነገር የአቅጣጫ ልዩነት ነው። የሕክምና ምስል በሚቀመጥበት የዳይኮም ፋይል የቦታ ቁጥሩ የሚጨምረው ወደ ሕመምተኛው ግራና ወደ ኋላው ሲሆን፣ በስላይሰር ግን ወደ ቀኙና ወደ ፊቱ ነው። የሁለቱን ቁጥሮች የመደመርና የመቀነስ ምልክት በአንድ ጊዜ መገልበጥ በቁመቱ ዙሪያ የግማሽ ክብ ማዞር ስለሆነ፣ የማጣጣም ስሌቱ ያለ ቅሬታ ይቀበለዋል። ምልክቶቹ ከአንዱ፣ የዒላማው ቦታ ከሌላው ሥርዓት ቢወሰዱ ቁጥሩ እንዳማረ ዒላማው በተቃራኒው ወገን ያርፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዘንጉን ቀኝ ጆሮ ላይ ማሳረፍና በስክሪኑ ላይም ቀኝ ጆሮ መሆኑን በዓይን ማየት። ከየማጣጣሙ በኋላ ሳላደርገው አላልፍም።

ከራስ ቅሉ ጋር የታሰረው የማመሳከሪያ ምልክት ካሜራው ቢንቀሳቀስም ልኬቱ እንዳይዛባ ያደርጋል። ምልክቱ ራሱ ከቅሉ አንጻር ቢላወስ ግን ምንም ቁጥር አያሳውቅም። የአጥንት ምልክቶችን በየመሐሉ እየነኩ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ፕላስቲክ አይለዋወጥም፤ አንጎል ግን ቅሉ ሲከፈትና ፈሳሹ ሲፈስ ቦታውን ይለቃል፤ መንሸራተቱ 1 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተነሳ ምስል ይህን አይከተልም። ስለዚህ አሁን የምሠራው በቀዶ ሕክምናው መሐል ምስል ሊያነሳ የሚችለውን የአልትራሳውንድ መንካኪያ ከካሜራው ጋር ማገናኘት ላይ ነው፤ የምስሉ ገጽታ ከመንካኪያው አንጻር የት እንደሆነ ለማወቅ በውኃ ውስጥ የተወጠሩ ክሮችን እየቃኘሁ እለካለሁ።