58 ቀን የዘገየ መርዶ

ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፣ ሰው ሲያገኘኝ ግን የሚጠይቀኝ አሁንም ያንኑ ነው። ሰርጓጅ መርከብ መስኮት አለው? አየር ከየት ታገኛላችሁ? አይጨንቅም? መስኮት የለውም። አየሩን እዚያው እንሠራዋለን፤ የባሕሩ ውሃ ተጣርቶ ኦክስጅኑ በኤሌክትሪክ ይለያል፣ የምናስወጣውን የተቃጠለ አየር ደግሞ አሚን የሚባል ኬሚካል ይመጠዋል። የአሚኑ ሽታ ልብስ ላይ ይቀራል። ባለቤቴ ከጉዞ ስመለስ ሻንጣዬን ቤት አታስገባም ነበር፣ ጋራዥ ውስጥ ነው የምትከፍተው። መጨነቁን ግን እንዲህ በአጭሩ መመለስ አልችልም፣ ዛሬ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

አባቴም የባሕር ኃይል ሰው ነበር፣ የኛው ባሕር ኃይል። ምጽዋ ነው ወጣትነቱን የጨረሰው። «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ላይ ሠርቷል፣ ድሮ የአሜሪካ የነበረችና እ.ኤ.አ. በ1962 ለኛ የተሰጠች፣ 95 ሜትር ገደማ የምትረዝም። ጃንሆይ ለባሕር ኃይል ቀን ምጽዋ ሲወርዱ፣ የውጭ አገር የጦር መርከቦች ወደቡ ላይ ተደርድረው፣ እሱ ነጭ ልብሱን ለብሶ... ይህን ሲያወራ ድምፁ ራሱ ይለወጥ ነበር። ሰርጓጅ ላይ ልሠራ ነው ስለው ግን ስልኩ ውስጥ ዝም አለ። ቆይቶ «ልጄ፣ መርከበኛ እኮ ሰማይ ያያል» አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ1999 ገባሁ። ግሮተን፣ ኮኔቲከት ባለው የሰርጓጅ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ከሚነገርህ ነገር አንዱ እ.ኤ.አ. በ1963 ለሙከራ ጠልቃ 129 ሰው እንደያዘች ስለቀረችው ሰርጓጅ፣ ስለ ትሬሸር ነው። ይህን ለአባቴ አልነገርኩትም። ከዚያ መርከብ ላይ ትመደብና ሁሉን ነገር እንደገና ትማራለህ፣ የአንተ ሥራ ባይሆንም እያንዳንዱ ቧንቧ፣ እያንዳንዱ ቫልቭ የት እንዳለ በጨለማ ጭምር ማወቅ አለብህ፣ እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ከየትም አይመጣም። ያን ስታልፍ የዶልፊን ምልክት ደረትህ ላይ ይደረግልሃል። የኔን የመጀመሪያዋን ለአባቴ ላክሁለት።

ሥራዬ ሶናር ነበር። ማዳመጥ ማለት ነው። ሃዋይ አካባቢ ሽሪምፖቹ ቆሎ ምጣድ ላይ ሲንጣጣ እንደሚሰማው ናቸው። ዓሣ ነባሪ እያዜመ ያልፋል። ከላይ ባሕሩ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ታች ሆነህ ትሰማዋለህ፣ መጀመሪያ ሹክሹክታ ይመስላል፣ ከዚያ እየጨመረ ጆሮህን ይሞላዋል። እኔ ዝናብ የወደድኩት እዚያ ነው።

በኋላ ዋሽንግተን ግዛት፣ ባንጎር ወዳለው ጦር ሰፈር ተዛወርኩ። ኦሃዮ የሚባሉት ትላልቆቹ ሰርጓጆች ያሉበት፣ 170 ሜትር የሚረዝሙት፣ ከ150 በላይ ሰው የሚይዙት። ሲያትል ያለው ያገሬ ሰው በጀልባ ማዶ ነው፣ እሱ ጠቅሞኛል። እያንዳንዱ መርከብ ሁለት ቡድን አለው፣ አንዱ ሲመለስ ሌላው ይወጣል፣ አንድ ጉዞ 77 ቀን ገደማ ነው። ያን ጊዜ ቀናችን 18 ሰዓት ነበር፣ 6 ሰዓት ፈረቃ፣ 12 ሰዓት ለጥናት፣ ለልምምድና ለእንቅልፍ (አሁን ወደ 24 ሰዓት ቀይረውታል፣ ጥሩ አደረጉ)። ፀሐይ የለም። ንጋቱን የምታውቀው እንቁላል ሲቀርብ ነው። በሁለት ሦስት ሳምንት ሰላጣው ያልቃል። ሁዳዴን በሩዝና በባቄላ ነበር የምጾመው።

ከቤት አጭር መልእክት ይመጣልሃል። አንተ መልስ መጻፍ አትችልም፣ መርከቧ ድምፅ ማሰማት የለባትም። መልእክቱም መጀመሪያ ይነበባል፣ መጥፎ ወሬ ካለበት አይደርስህም። ታች ሆነህ ብትሰማ ምን ታደርጋለህ? መውጣት የለ።

እ.ኤ.አ. በ2009 አባቴ አዲስ አበባ አረፈ። እኔ ከወጣሁ በ19ኛው ቀን። የሰማሁት ስመለስ ነው።

ባለቤቴ 58 ቀን ሙሉ ጽፋልኛለች። ልጅቷ ጥርስ አወጣች፣ መኪናውን አሠራሁት፣ ዝናቡ አላባራም። ስለ አባባ አንድም ቃል የለም። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ «አባባ ሰላም ይልሃል» ትል ነበር፣ እኔ ግን መቅረቱን ልብ አላልኩም። ሥራዬ ማዳመጥ ሆኖ ይቺን አልሰማኋትም። ስንመለስ አዛዡ እንዳይነግረኝ የለመነችውም እሷ ናት። እኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም፣ ወገን ይነግረዋል ብላ። አዛዡ በመጨረሻዎቹ ቀናት ሶናር ክፍል መጥቶ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ምንም ሳይናገር ሄዶ ነበር። ያኔ አልገባኝም።

ቤት ገብቼ በተኛሁ ማግስት፣ ገና ሳይነጋ በር ተንኳኳ። የሲያትል ሽማግሌዎች ማታውኑ ተሻግረው ጎረቤት አድረዋል። ከኋላቸው ባለቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ማንም አፉን ሳይከፍት አወቅሁ። ጮህኩ። 77 ቀን ሙሉ ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ ቆይቼ፣ የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ።

ያን 19ኛ ቀን ብዙ ፈልጌዋለሁ። ምን እየሠራሁ ነበር? በ18 ሰዓት ቀን ውስጥ አይገኝም። ፈረቃ ወጥቼ፣ በልቼ፣ ተኝቻለሁ ማለት ነው። ባለቤቴን ግን አንድ ቀን እንኳ አልተቀየምኳትም። እኔ አንዴ የሰማሁትን እሷ 58 ቀን ብቻዋን ተሸክማዋለች።

አርባው አልፎ ነበር፣ ለሰማንያው ደረስኩ። አብረውት ምጽዋ የነበሩ ሦስት አዛውንቶች ድንኳኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እናቴ ዶልፊኗን ከከረባት ማስያዣው ጋር በአንድ ሳጥን አስቀምጣ አገኘኋት። አንደኛው አዛውንት እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«እስቲ ንገረኝ፣ ከታች ምን ይሰማል?»

«ዝናብ ይሰማል አባቴ።»

«ባሕር ላይ የሚዘንበው? ታች ድረስ?»

«አዎ።»

ትንሽ አሰቡ። «ይኼን ለአባትህ ነግረኸዋል?»

አልነገርኩትም።