የሐሙስ ዳዊት

ዛሬ ሐሙስ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሊነጋጋ ሲል አባራ፤ ከጮቄ በኩል የሚመጣው ብርድ ግን በበሩ ሥር እየገባ ነበር። ጋቢዬን ተከናንቤ የአባቴን ዳዊት ከማኅደሩ አወጣሁና ጧፍ አብርቼ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ቆምሁ።

አባቴ ያረፈው ባለፈው ነሐሴ፣ በጾመ ፍልሰታ ነው። እንዲድንልኝ ተስዬ፣ ጠበል አመላልሼ፣ ሌት ተቀን ለምኜ ነበር። ካረፈ በኋላ ጸሎቴን ፈጽሞ ተውሁት አልልም፤ ጠዋት ጠዋት አቡነ ዘበሰማያትና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም እደግም ነበር፤ ነገር ግን ልቤ ከአፌ ጋር አልነበረም። አፌ «ይቅር በለን» ሲል ልቤ «ለምን ወሰድህብኝ?» እያለ ይወቅስ ነበር። ይህን ወቀሳ እንደ ክህደት ስለቆጠርሁት ከእግዚአብሔርም ከሰውም ደበቅሁት። አሁን ሳስበው ከሐዘኑ ይልቅ ከእርሱ ያራቀኝ ይህ መደበቄ ነው።

በጥቅምት ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ፣ «ልጄ፣ የራስህ ቃል ሲደርቅብህ በዳዊት ቃል ቁም» አሉኝ። የዕለቱን ድርሻ ሙሉውን ሳይሆን የመጀመሪያውን ንጉሥ ብቻ እንድደግም፣ ከዚያም እንዳልጨምር አዘዙኝ። 150ው መዝሙር በዐሥር በዐሥር ተከፍሎ 15 ንጉሥ ይባላል፤ ለሳምንቱ ቀናት ሲደለደል ለሐሙስ ከ81 እስከ 110 ያለው ይደርሳል። ስለዚህ የእኔ የሐሙስ ድርሻ ከ81 እስከ 90 ሆነ።

87ኛው መዝሙር በዚያ ንጉሥ ውስጥ ነው። ግእዙን ከደገምሁ በኋላ አማርኛውን ሳነብ ደነገጥሁ። የሐዘን መዝሙራት አብዛኞቹ ከመጨረሻቸው ሳይደርሱ ወደ ተስፋና ወደ ምስጋና ይመለሳሉ፤ ይህኛው ግን ቀንና ሌሊት ጮኾ፣ ፊትህን ከእኔ ለምን ትመልሳለህ ብሎ ጠይቆ፣ መልስ ሳያገኝ በጨለማ ያበቃል። እኔ እንደ ክህደት ቆጥሬ የደበቅሁት ወቀሳ ከጸሎት መጽሐፉ ውስጥ፣ ያውም በጌታ ፊት እንዲነበብ ተጽፎ አገኘሁት።

ልጅ ሳለሁ መደብ ላይ ተኝቼ በእንቅልፍና በንቃት መካከል የአባቴን ድምፅ እሰማ ነበር። መቋሚያውን ተደግፎ፣ ከንፈሩ ሳይቸኩል፣ ዶሮ ሳይጮኽ ይጀምራል። ግእዙ ስለማይገባኝ ሁልጊዜ የሚያመሰግን ይመስለኝ ነበር። ለካ ሐሙስ ሐሙስ ይህንንም ይል ኖሯል። እኔን ከመውለዱ በፊት ሁለት ልጆች ቀብሯል፤ ስለ እነርሱ ሲያወራ ግን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ለማን ይናገር እንደነበረ አሁን ገባኝ።

ጌታችንም በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት ሲለምን፣ ያንኑ ቃል እየደገመ ሦስት ጊዜ ጸልዮአል። ይህን ወንጌል በየዓመቱ በሰሙነ ሕማማት ስሰማ አድጌ፣ አንዱን ቃል መደጋገም የእምነት ማነስ ይመስለኝ እንደነበር ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል። ቃል አጥቶ ያንኑ ደግሞ ማለት ከአባት ፊት አለመሸሽ ነው።

ዛሬ ጠዋት 87ኛውን ሳልዘል፣ ሳልቸኩል ደገምሁት። አልተጽናናሁም፤ እንባም አልመጣልኝም። ሆኖም ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት ያልነበረ አንድ ነገር ነበር፤ አፌና ልቤ አንድ ነገር ይሉ ነበር። የቀለጠው ጧፍ ጣቴን ሲያቃጥለኝ ወደ ሌላኛው እጄ አዛወርሁትና ገጹን ገለጥሁ። 88ኛው የሚጀምረው ስለ እግዚአብሔር ምሕረት በመዘመር ነው። እርሱን ግን ገና ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የደገምሁት።